«ናኖ» ነው ብለው ጠርሙስ አመጡልን፤ ምን ልበላቸው?

የታቦር ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እዚሁ ሀዋሳ ነኝ። እማዬ የጡት ካንሰር አለባት፤ ኬሞ ሁለት ዙር ወስዳለች። ትላንት አጎቴ ከመናኸሪያ በባጃጅ ከንፈው መጡና ጠርሙስ አወጡ። «የናኖ ወርቅ ነው። ካንሰሩን ብቻ ለይቶ ይመታል፤ ኬሞውን ተዪው» አሏት። እሷ ደግሞ ማቆሚያ ሰበብ ነው የምትፈልገው። ናኖ የሚባል ነገር በእውነት አለ?

ሲስተር፦
የኔ እህት፣ አለ። ጠርሙሱ ግን እሱ አይደለም።
ኬሞ ክፍል ነው የምሠራው። ዶክሶሩቢሲን የሚባል ቀይ መድኃኒት አለ፤ እናትሽም ሳይሰጣት አይቀርም። ጎበዝ ነው፣ ግን ልብ ይጎዳል። ስለዚህ በስብ ከረጢት ጠቀለሉት። ዶክሲል ይባላል፤ አሜሪካ በ1995 እ.ኤ.አ. ፈቀደችው። ከረጢቷ 100 ናኖሜትር ገደማ ናት፤ አንድ ናኖሜትር የሜትር ቢሊዮንኛ ነው። የዕጢ የደም ሥር በጥድፊያ የተሠራ ስለሆነ ያፈሳል፤ እሷም በዚያ ሾልካ ትገባለች። ልብ ላይ ያለው ጉዳት ይቀንሳል። «ብቻ ለይቶ» ግን ውሸት ነው። መዳፍና የእግር ውስጥ የሚያቃጥልበት፣ የሚላጥበት ሰው አለ። ደግሞም በደም ሥር ነው የሚሰጠው፤ በማንኪያ የሚጠጣ አይደለም።
ቀዩን ከወሰደች ሽንቷ ቀልቶ ነበር? አንድ ሁለት ቀን ቢቀላ የመድኃኒቱ ቀለም ነው። ከዚያ ካለፈ ለሐኪሟ ንገሪ።

ላብራቶሪ ቤት፦
ወርቁም ሙሉ በሙሉ ተረት አይደለም። የእርግዝና መመርመሪያዋ ላይ የምትወጣው ቀይ መስመር ብዙ ጊዜ የወርቅ ናኖ ቅንጣት ናት፤ ወርቅ ያን ያህል ሲደቅ ቀይ ይሆናል። ለካንሰር ምርመራም ብዙ እየተሞከረበት ነው። የአጎትሽ ጠርሙስ ላይ ግን ምን ተጽፏል? የመድኃኒቱ ስም፣ መጠን፣ የሚያበቃበት ቀን?

የታቦር ልጅ፦
ምንም። የሃይላንድ ውሃ ክዳን ነው የተገጠመለት 😅
ሲስተር፣ የሽንቱን ነገር ጠየቅኳት። ዝም አለች። ቆይታ «ደም መስሎኝ ነበር፤ እንዳትደነግጡ ብዬ ነው የደበቅኳችሁ» አለችኝ። ለካ ኬሞው ይቅርብኝ ስትል የነበረው ለዚህ ነው! መቼ እንደለቀቃት ስጠይቃት «በማግስቱ» አለች። ሰኞ ሦስተኛው ዙር ነው፤ አብሬያት እገባለሁ። ለአጎቴ ምን እንደምላቸው ግን አሁንም ጨንቆኛል። ብሩን ከፍለውበታል።

ሲስተር፦
ሰኞ ይዘሻቸው ነይ። ጠርሙሱንም።