«95 በመቶ ትክክል» ከማን ተቆጥሮ?

ዘንባባው፦ ጠዋት እዚህ የተለጠፈው አናዶኛል። «ሰው ሠራሽ አስተውሎት የመኪና አደጋን ክብደት 95 በመቶ በትክክል ይለያል፤ ባሕር ዳር ቶሎ ይግባ» ይላል። ከ1000 አደጋ ሞትና ከባድ ጉዳት ያለበት 50 ቢሆን፣ ሁሉንም «ቀላል» የሚል ሞዴል 950ውን አገኘ። 95 በመቶ ማለት ይኸው ነው። ከ50ው ግን አንዱንም አላየ!

የጣና ልጅ፦ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። በአንድ ቁጥር ሁሉን አታፍርስ። አውሮፓ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ አዲስ ለሚወጣ የመኪና ዓይነት ኢኮልን ግዴታ አድርጋለች። ኤርባግ ሲፈነዳ መኪናው ራሱ ወደ አውሮፓ የአደጋ ጊዜ ቁጥር 112 ደውሎ ቦታውን ይልካል።

ጊዮርጊስ ሰፈር፦ እኛ ጋ የሚገለበጠው ባጃጅ ነው፤ ኤርባግ የለውም።

የጣና ልጅ፦ ሾፌሩ ስልክ አለው። ምቱ ከ4 ጂ፣ ማለትም ከመሬት ስበት አራት እጥፍ፣ ሲያልፍ ስልኩ ይደውል።

ጊዮርጊስ ሰፈር፦ ስልክ ከእጅ አምልጦ አስፋልት ላይ ቢወድቅም 4 ጂ ያልፋል። ከምቱ በፊት በጂፒኤስ ስንት ይሄድ ነበር? ከምቱ በኋላ ቆመ ወይ? መዞርን የሚለካው የስልኩ ጋይሮስኮፕ መገልበጥ አሳየ? ሦስቱ ካልተያያዙ አምቡላንስ በከንቱ ይመላለሳል።

ዘንባባው፦ ወደ 95ቱ ተመለስ ወንድሜ።

ድንገተኛ ክፍል፦ ትልቁ ችግር መዝገቡ ነው። ሞዴሉ የሚማረው ፖሊስ በቦታው ከጻፈው ነው። ጭንቅላቱን ተመትቶ እያወራ የሄደ ሰው «ቀላል» ተብሎ ይጻፋል፤ የውስጥ መድማት ከሰዓታት በኋላ ይጥለዋል። በዓለም አቀፍ አቆጣጠር እስከ 30 ቀን በጉዳቱ የሞተ የአደጋው ሟች ነው። የፖሊስ መዝገብና የሆስፒታል ካርድ ካልተያያዙ ሞዴሉ ስህተቱን ያጠናል።

የጣና ልጅ፦ እህቴ፣ ይህን እቀበላለሁ። ግን መዝገብ እስኪጠራ ሰው መንገድ ላይ ይደማ? የመንገድ ካሜራ አደጋ መኖሩን ብቻ ይንገር፤ ክብደቱን ሰው ይወስን።

ባለ ሦስት እግር፦ የትኛው ካሜራ? በውጭ አገር ቪዲዮ የሠለጠነ ባጃጅን በደንብ አያውቅም። በክረምት ማታ ሌንሱ ላይ ጠብታ፣ እርጥብ አስፋልት ላይ የመብራት ነጸብራቅ አለ። ደግሞ አደጋ በተነሳ ቁጥር ባጃጅ ብቻ አትጥሩ፤ የሚገጨን መኪና ነው።

ጊዮርጊስ ሰፈር፦ ያለ ምልክት የሚታጠፈውስ ማን ነው?

ባለ ሦስት እግር፦ በር ሳያይ የሚከፍተውስ?

ዘንባባው፦ ከ50ው ስንቱን ያዘ? የጣና ልጅ፣ ቁጥሩን አምጣ።

የጣና ልጅ፦ ጽሑፉ ላይ የለም።

ዘንባባው፦ እንግዲያው «95 በመቶ» የሚለውን አንሳው።

የጣና ልጅ፦ አላነሳም። «ከከባዶቹ ስንቱን እንደያዘ አልተገለጸም» ብዬ ከሥሩ እጽፋለሁ።