አልፌው ልሂድ ወይስ ላቀብል?

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ሐዋሳ በሰፈር ቡድናችን በቀኝ መስመር አጥቂነት እጫወታለሁ። ተከላካዩን ብቻውን ሳገኘው አታልዬ ማለፍ አይከብደኝም፤ የሚያስጨንቀኝ የውሳኔዋ ቅጽበት ናት። ባለፈው እሑድ አንድ እኩል እያለን ጓደኛዬ ከኋላዬ ተነስቶ በመስመሩ በኩል ሮጦ አለፈኝ፤ በአንዱ ተከላካይ ላይ ሁለት ሆነን ነበር። እኔ ግን ዓይኔን ከኳሷ ሳላነሳ ወደ ውስጥ ስገባ ሌላ ተከላካይ ደርሶ ነጠቀኝ፤ በዚያው መልሶ ማጥቃት ጎል ተቆጠረብን። እስካሁን ያንገበግበኛል።

አሰልጣኛችን «ቀና በል!» ይለኛል፤ ቀና ስል ኳሷ ከእግሬ ትርቃለች። ግብ ክልሉ ጫፍ ስደርስ ወደ ኋላ ማቀበል እንደሚያዋጣ ገብቶኛል፤ ከኳሷ ኋላ ያለ ተጫዋች ከጨዋታ ውጭ አይባልም። ከመሀል ሜዳ ስነሳ ግን ምኑን ልይ? የተከላካዩን እግር ወይስ ከጀርባው ያለውን ክፍተት? በመስመር የተጫወታችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ እባካችሁ የተለማመዳችሁበትን መንገድ ንገሩኝ።