የቦረቦሩ አፋፍ መንገዱን እየበላ ነው፤ ክረምት ሳይገባ ምን እንስራ? (አዳማ)

የኮረብታው ስር፦

ሰላም እንዴት ናችሁ። አዳማ ነኝ፣ በቦኩ ኮረብታ በኩል ካሉት ሰፈሮች በአንዱ። ከቤታችን ጀርባ ያለው ቦረቦር ልጆች ሆነን ዘለን የምንሻገረው ቦይ ነበር። አሁን ውስጡ ትልቅ ሰው ቢቆም አናቱ አይታይም። ባለፈው ክረምት ደግሞ ጎን ጎኑን እየበላ መጥቶ ተማሪዎች የሚሄዱበትን መንገድ ግማሹን ይዞት ወረደ። የውሃ መስመሩ አየር ላይ ተንጠልጥሏል፣ የመብራት ምሰሶውም ወደ ገደሉ ዘመም ብሏል። መብራት የጠፋ ማታ እዛ ጋ የሚያልፍ ሰው በስልኩ ባትሪ እግሩን እየፈለገ ነው የሚሄደው። ባጃጆቹማ መንገዱን ከተዉት ቆዩ።

ሰፈሩ በሀሳብ ሶስት ቦታ ተከፍሏል። አንዱ ወገን ሲኖ ተከራይተን ፍርስራሽ እያስመጣን እንድፈነው ይላል። ሌላው ግንብ ይሰራ፣ ሌላው ባህር ዛፍ እንትከል። እድሩ ትንሽ ብር አለው፣ ለግንብ ግን አይበቃም። ቢሮ ስንሄድ መልሱ "በእቅድ ተይዟል" ነው፣ የየትኛው ዓመት እቅድ እንደሆነ የሚናገር የለም። ግንቦት እያለቀ ነው። ዝናቡ ሳይጠና በትንሽ ብር ምን ብንሰራ ይሻላል? እባካችሁ "ልቀቁ" ብላችሁ እንዳትጽፉ፣ ገደል አፋፍ ላይ ያለ ቤት ማን ይገዛናል።

አንድ ነገር ልርሳው ነበር። ከአፋፉ ገባ ብሎ ከገደሉ ጋር ትይዩ የሚሄድ ስንጥቅ አለ። እጅ ያስገባል። ይሄስ ያሰጋል?

ሲቪል ነኝ፦

ከመጨረሻው ልጀምር፣ እሱ ለነገ የሚባል አይደለም። ስንጥቅ አለ ማለት ከሱ ወዲያ ያለው መሬት ለመውረድ ተዘጋጅቷል ማለት ነው። ውሃ ሲገባበት አፈሩ ይከብዳል፣ ውሃውም ከጀርባ ይገፋዋል፣ ከዛ ባንዴ ነው የሚሄደው። ዛሬውኑ መንገዱን ዝጉት። ችካልና እሾህ ሽቦ ይበቃል፣ ማታ እንዲታይ ነጭ ማዳበሪያ ቀዳችሁ እሰሩበት። ምን ያህል እንራቅ ካላችሁ ቢያንስ የገደሉን ጥልቀት ያህል፤ ጥልቀቱ 3 ሜትር ከሆነ ከአፋፉ 3 ሜትር፣ ስንጥቁ ከዛ የበለጠ ወደ ውስጥ ከገባ ደግሞ ከስንጥቁም ወዲህ። ልጆቹ በዙሪያ ይሂዱ፣ ቢረዝምም።

አፋፉ ሲናድ ደግሞ ለማየት አትሰብሰቡ። ሐምሌ 2016 ጎፋ ላይ የሆነውን ታስታውሳላችሁ። ያ የተራራ ናዳ ነው፣ ከናንተ ጋር አንድ አይደለም፣ ግን ከሞቱት ብዙዎቹ መጀመሪያ የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጡ ሰዎች ናቸው።

ስንጥቁን ዝናብ እንዳይገባበት ጭቃ አፈር ጠቅጥቃችሁ ድፈኑት። የሚሰራው ሰው ግን ከወዲህ በኩል ሆኖ፣ ወገቡ ላይ ገመድ ታስሮ። ይሄ ጊዜ ለመግዛት ነው እንጂ መሬቱን አያቆመውም።

አሁን ወደ ዋናው። የአዳማ አካባቢ አፈር አብዛኛው ከእሳተ ገሞራ የመጣ አመድና ፑሚስ (ቀዳዳ የበዛበት ቀላል ድንጋይ) ነው። ደረቅ ሲሆን ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ለዛ ነው ሰው አምኖት ጫፉ ላይ አጥር የሚያጥረው። ሲርስ ይፈርሳል። ከላይ የሚመጣው ውሃ የቦረቦሩ ራስ፣ ማለት የላይኛው ጫፉ ጋ ሲደርስ ይወድቅና ስሩን ይፈለፍለዋል፣ ስሩ ባዶ ሲሆን ላዩ ይናዳል፣ በየክረምቱ ወደ ላይ እየወጣ የሚሄደው በዚህ መንገድ ነው። ብራችሁ ትንሽ ከሆነ መሀሉን ተዉትና ራሱ ላይ አውሉት።

ሲኖውን እርሱት። ያልተጠቀጠቀ ፍርስራሽ አንድ ጥሩ ዝናብ ይወስደዋል፣ ከዛ ታች ያለውን ቱቦ ይደፍንና ውሃው ሌላ ሰው ሳሎን ይገባል።

ውሃውንም አስሉት። 100 ካሬ ቆርቆሮ ላይ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ከጣለ 3,000 ሊትር ነው፣ 15 በርሜል፣ ያውም ካንድ ቤት። ስንት ቤት ነው አሸንዳውን ወደዛ ገደል ያዞረው?

ዝም አልልም፦

ምክሩ ጥሩ ነው፣ ግን አንድ ነገር ያናድደኛል። ሁሌ እድር፣ ሁሌ መዋጮ። ቦረቦሩ የማንም ግቢ አይደለም፣ የበላው የህዝብ መንገድ ነው። ሰው ገብቶበት ቢሞት የሚጠየቀው ማነው? እናንተ በማዳበሪያ አሸዋ ስትደፍኑት "በህብረተሰቡ ተሳትፎ ተፈቷል" ተብሎ ሪፖርት ይሄዳል፣ በቃ፣ ከዛ በኋላ በጀት የሚባል ነገር አታዩም። እኔ ብሆን ፎቶ አንስቼ፣ ደብዳቤ ጽፌ፣ ኮፒው ላይ "ደርሶናል" የሚል ማህተም አስመትቼ ነው የምይዛቸው። በአፍ የተነገረ ነገር የለም እንደማለት ነው።

ማሳና ክትር፦

ሁለቱም ይሰራ። ማህተሙ ይመታ፣ ዝናቡ ግን ማህተም አይጠብቅም።

እኔ ገጠር አፈርና ውሃ ጥበቃ ላይ ነው የሰራሁት። ከተማ ውስጥም መሰረቱ ያው ነው፣ የሚለየው የውሃው ፍጥነት ነው። ከቆርቆሮና ከኮብል የሚመጣ ውሃ ማሳ ላይ እንዳለው ተንጠባጥቦ አይመጣም፣ እየሮጠ ነው የሚደርሰው፣ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ደግሞ የሚገፋበት ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ዋናው መውረጃ ላይ ደረቅ ድንጋይ (ያለ ሲሚንቶ) ደርድሮ መሄድ አያዋጣም፣ እዛ ጋቢዮን፣ ማለት ድንጋይ የሚሞላበት የሽቦ ቅርጫት ነው። ከጎን የሚገቡት ትናንሾቹ ላይ ግን ደረቅ ድንጋይ ክትር (ውሃውን አቋርጦ የሚሰራ ትንሽ ግድብ) ይበቃል።

ክትር ላይ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው አናቱ ነው። ቀጥ አድርገው ይገነቡታል። ውሃው መሀል ላይ መውጫ ሲያጣ በጎን ይዞርና አፋፉን መብላት ይጀምራል፣ ጭራሽ ካለመስራት የባሰ። መሀሉ ዝቅ ይበል፣ ሁለቱ ጫፎች ከፍ። ጫፎቹ ጎኑ ውስጥ ቢያንስ ግማሽ ሜትር ይቀበሩ፣ መሰረቱም እንደዛው። ውሃው የሚወድቅበት ቦታ ላይ ትልልቅ ድንጋይ አንጥፉ። አንዱ ካንዱ ምን ያህል ይራቅ ለሚለው፣ የታችኛው ክትር አናት ከላይኛው ክትር ስር ጋር እኩል ይሁን። መሬቱ በ10 ሜትር ውስጥ 1 ሜትር የሚወርድ ከሆነ 1 ሜትር ቁመት ያለው ክትር በየ10 ሜትሩ ማለት ነው። በደረቅ ድንጋይ ከ1 ሜትር በላይ አትውጡ።

ጋቢዮን የተለመደው ቅርጫት 2 በ1 በ1 ሜትር ነው፣ አንዱ 2 ሜትር ኩብ ድንጋይ ይበላል፣ ስትቆጥሩ እዚህ ላይ አትሞኙ። ከጀርባው ጂኦቴክስታይል፣ ውሃ አሳልፎ አፈር የሚያስቀር ጨርቅ ይደረግ። ካልሆነ ያ አመድ አፈር በድንጋዩ መሀል እየሾለከ ይወጣና ጋቢዮኑ ቆሞ ጀርባው ባዶ ይሆናል።

ባህር ዛፉን አፋፍ ላይ አትትከሉት። ሲያድግ ክብደት ነው፣ ንፋስ ሲወዘውዘው መሬቱንም ይወዘውዛል፣ ከስሩም ሳር አያበቅልም። ቬቲቨር ሳር ትከሉ። ስሩ ቀጥ ብሎ ወደ ታች 3 ሜትር ድረስ ይሄዳል፣ በዘር ስለማይራባ ሰፈሩን አይወርም፣ ካደገ በኋላ ፍየልም ብዙ አትወደውም። ከ10 እስከ 15 ሳንቲም እያራራቃችሁ፣ ቁልቁለቱን በሚያቋርጥ መስመር፣ ዝናቡ እንደጀመረ። ቀጥ ባለ ግድግዳ ላይ ግን ምንም ነገር አይጸድቅም፣ መጀመሪያ ጎኑ መቆረጥና ዘንበል መደረግ አለበት። ስትቆርጡ ከላይ ወደ ታች ነው። ከስር የሚቆፍር ሰው ካያችሁ እጁን ይዛችሁ አውጡት።

የኮረብታው ስር፦

አመሰግናለሁ፣ ሽቦው ታስሯል። አንድ ሰውዬ ለአቋራጭ ብሎ ሊቆርጠው ሲል ሴቶቹ ልክ አስገቡት።

የቦረቦሩን ራስ ሄጄ አየሁት። ከላይ ያለው የኮብል መንገድ ቦይ የሚያበቃው እዛው ነው፣ የሲሚንቶ ቱቦው አፉን ገደሉ ላይ ከፍቶ ቆሟል፣ ከስሩ አንድ ድንጋይ እንኳን የለም። ማለትም የመንገዱ ሁሉ ውሃ ባዶ አፈር ላይ ነው የሚወድቀው። ሌላው፣ ጎረቤቴ የጣሪያውን ውሃ ግቢው ውስጥ ጉድጓድ ቆፍረን እናስርገው ይላል፣ ግቢው ግን አፋፉ ላይ ነው። ግንብ የሚሉትም አልተመለሱም።

ሲቪል ነኝ፦

እንግዲህ ደብዳቤው ላይ የሚጻፈው ይሄ ነው። "ቦረቦር አስቸግሮናል" ብላችሁ ከገባችሁ መልሱ እቅድ ነው። "የመንገዱ ቱቦ መጨረሻ አልተሰራም፣ ውሃው እስከ ቦረቦሩ ወለል የሚወርድበት የግንብ ደረጃ ይሰራ፣ ከስሩ ጉልበቱን የሚሰብር የድንጋይ ንጣፍ ይደረግ" ብላችሁ ግቡ። ይሄ ያልተጠናቀቀ ስራ ነው፣ አዲስ ፕሮጀክት አይደለም፣ ለመጠየቅም ለመመለስም ይቀላል። ለውሃውና ለመብራቱ ለየብቻ ጻፉ፣ አንድ ወረቀት ላይ ከጻፋችሁት አንዱ ወደ ሌላው ይመራዋል። የመብራቱን ግን አስቀድሙ፤ ምሰሶው ከወደቀ እርጥብ መሬት ላይ ያለ ገመድ ነው።

ጎረቤትህን አስቁመው። አፋፍ ላይ ውሃ ማስረግ ማለት ያንን ስንጥቅ ከስር ማጠጣት ነው። የሽንት ቤት ጉድጓድም እዛ አካባቢ ካለ ያው ነው፣ ይጠየቅበት። ሮቶ ይግዛ፣ አዳማ ውስጥ የተጠራቀመ ውሃ የሚጠላ ሰው አላውቅም። የተረፈው በቱቦ ወደ መንገዱ ቦይ ይዙር። ከላይ በኩል የሚመጣውንም ከአፋፉ ራቅ ብሎ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ቆፍራችሁ ያዙት፣ መጨረሻው ግን የሰው ግቢ እንዳይሆን። ጎረቤት ላይ የለቀቃችሁት ውሃ ቀበሌ ድረስ ያስኬዳችኋል።

ግንቡን በተመለከተ፣ ወለሉ ገና እየጠለቀ ነው። ዛሬ ግንብ ብታቆሙ ውሃው ስሩን ይፈለፍልና ከነድንጋዩ ይተኛል። ክትሮቹ ደለል ይዘው ወለሉ ከረጋ በኋላ፣ ጥልቅ መሰረትና የውሃ ማስወጫ ቀዳዳ ያለው ግንብ ትርጉም አለው። እሱ ዲዛይን የሚፈልግ ስራ ነው፣ የእድር ስራ አይደለም፣ እዛ ላይ ከ"ዝም አልልም" ጋር እስማማለሁ።

ከታች ሰፈር፦

እኔ ደግሞ ቦረቦራችሁ የሚያበቃበት ጋ ነኝ። ስለ ቆሻሻው ማንም አላነሳም! ዳይፐሩ፣ ሀይላንዱ፣ ፌስታሉ፣ በአህያ ጋሪ የሚደፋው ሁሉ እኛ በር ላይ ያለው ቱቦ አፍ ጋ ነው የሚሰበሰበው። አምና ውሃው መንገዱን አቋርጦ ቤት የገባው በዚህ ነው። ክትር ብትሰሩም ያ መሀሉ ዝቅ ያለው ቦታ በፌስታል ይደፈናል፣ ከዛ በጎን መዞር ነው። እኛ ቱቦውን እንጠርጋለን፣ እናንተም የጋሪውን ሰውዬ ያዙልን።

የኮረብታው ስር፦

እውነትሽን ነው እህቴ፣ የጋሪውን ነገር እድር ላይ አነሳዋለሁ። ድንጋዩን ግን ከየት እናምጣ? ወጣቶቹ ከቦረቦሩ ወለል እንልቀመው እያሉ ነው፣ ነጻ ነው ብለው።

ማሳና ክትር፦

ከወለሉ አታንሱ። አሁን ወለሉን ከመጥለቅ የያዘው እሱ ድንጋይ ነው፣ ካነሳችሁት ከስሩ ያለው አመድ አፈር ይገለጣል። ከካባ አስጭኑ፣ ጠንካራውን ጥቁር ድንጋይ፣ ፑሚስ ወይም ቀይ አሸዋ የሚመስለው ቀላል ድንጋይ ውሃ ያንከባልለዋል። ሲራገፍም መኪናው አፋፉ ጋ አይጠጋ። ራቅ ብሎ ይገልብጥና ሰው ተሰልፎ ይቀባበለው።