ባለ ስድስት ሲሊንደር ናፍጣ ሞተር ይንቀጠቀጣል፣ ነጭ ጭስም ያበዛል፤ ከየት ልጀምር?

ባለመኪናው (ጥያቄ)
ሰላም ናችሁ? የጭነት መኪና አለኝ። ሞተሩ ባለ ስድስት ሲሊንደር ነው፣ ቱርቦ አለው፣ ፓምፑ የድሮው ዓይነት ነው፣ ኮምፒውተር የሚባል ነገር አልነካውም። ጠዋት ሲነሳ ክፉኛ ይንቀጠቀጣል፣ ጋቢናው ሳይቀር ይርገፈገፋል። ጭሱ ነጭ ነው፣ ትንሽ ወደ ግራጫ ያደላል፣ ከኋላ የቆመ ሰው ዓይኑን ያቃጥለዋል። ሲሞቅ ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም። ነዳጅ ስረግጥ መንቀጥቀጡ ይሻለዋል፣ ሚኒሞ ላይ ሲመለስ ያው ነው። ዳገት ላይ ጉልበት የለውም፣ ጭነት ካለውማ በቃ ማርሽ እየቀነሱ መጎተት ነው። የናፍጣ ፊልትሮ ቀይሬያለሁ፣ ጠብ ያለ ነገር የለም። አንዱ መካኒክ "ሞተሩ አልቋል፣ ይውረድ" ይለኛል፣ ሌላው ፓምፑ ይፈታ ይላል። ሁለቱም ኪስ የሚያራግፍ ነው። ከዚያ በፊት እኔው ልፈትሸው የምችለው ነገር ካለ እስቲ ንገሩኝ።

ዘይት እጅ
ወንድሜ፣ ሳይመረመር ሞተር አይወርድም። መጀመሪያ ጭሱን እንለየው። ጥቁር ከሆነ ናፍጣው በዝቷል ወይ አየሩ አንሷል፤ የአየር ፊልትሮ፣ የቱርቦ ቱቦ፣ ኢንጀክተር (ናፍጣውን ሲሊንደር ውስጥ የሚረጨውን) ታያለህ። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየበላ ነው። ነጭ ከሆነ ደግሞ ሁለት ዓይነት ነው፤ ወይ ያልተቃጠለ ናፍጣ ነው፣ ወይ ከራዲያተር የገባ ውሃ የሚተንበት ነው። ዓይን የሚያቃጥልና ናፍጣ ናፍጣ የሚሸት ከሆነ የመጀመሪያው ነው። ውሃ ከሆነ ዓይን እምብዛም አያቃጥልም፣ ኩላንት ካለበት ጣፈጥ ያለ ሽታ አለው፣ ራዲያተሩም ይጎድላል። ሦስት ነገር አይተህ ንገረኝ፤ ውሃው ይጎድላል ወይ? ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ የራዲያተሩን ክዳን ከፍተህ ስታስነሳው አረፋ ይመጣል ወይ? የሞተር ዘይቱ መለኪያው ላይ የት ደርሷል? በሞቀ ሞተር ግን ክዳኑን እንዳትነካ።

የማታ ሹፌር
ፓምፑ ነው፣ አትድከም። ታይሚንጉ (ናፍጣው የሚረጭበት ጊዜ) ከዘገየ ነጭ ጭስ ያመጣል፣ ጠዋት አልነሳ ይላል፣ ጉልበትም ያጣል። የኔም እንደዚያ ነበር።

ዘይት እጅ
@የማታ ሹፌር፣ ጭሱ ላይ ልክ ነህ። ግን ታይሚንግ ከዘገየ ስድስቱም ላይ ነው የሚዘገየው፣ ሞተሩ እኩል ይደክማል እንጂ እንዲህ አይርገፈገፍም። ይሄ አንድ ሲሊንደር የማይሰራ ሞተር ጠባይ ነው። አየር ገብቶበትም ቢሆን አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ እያለ ይዋዥቃል። የሱ ግን ሁሌ አንድ ዓይነት ነው የሚንቀጠቀጠው።

ባለመኪናው
አየሁት። ውሃው አይጎድልም፣ አረፋም የለም። ዘይቱ ግን ገረመኝ፤ ሳልጨምርበት ከላይኛው ምልክት አልፏል፣ ስነካውም ቀጥኗል፣ ናፍጣ ይሸታል።

ዘይት እጅ
በቃ፣ ያልተቃጠለ ናፍጣ በሲሊንደሩ ግድግዳ እየወረደ ዘይቱ ውስጥ እየገባ ነው። በዚህ ዘይት ረጅም መንገድ እንዳትነዳው። የቀጠነ ዘይት ኩሽኔታ ይበላል፣ ደረጃው በጣም ከፍ ካለ ደግሞ ሞተሩ የራሱን ዘይት ስቦ ማቃጠል ይጀምራል፣ ያኔ ቁልፍ ብታጠፋውም አይጠፋልህም። አሁን የሚያስፈልገን የትኛው ሲሊንደር እንደሆነ ማወቅ ነው።

ፓምፕ ቤት
እሱ ቀላል ነው። ሞተሩን ሚኒሞ ላይ ተወው። ኢንጀክተሩ ጋ የሚገባውን የብረት ቱቦ ዳዶ በቁልፍ ትንሽ ላላ አድርገው፣ ናፍጣው በዚያ ይንጠባጠባል፣ ያ ሲሊንደር ነዳጅ አያገኝም። ድምፁ ከተቀየረና ሞተሩ የባሰ ከተንቀጠቀጠ ያ ሲሊንደር ደህና ነበር ማለት ነው፣ መልሰህ አጥብቀህ ወደሚቀጥለው እለፍ። አላልተኸውም ሞተሩ ምንም ካልመሰለው ሌባውን ያዝከው። ዳዶው ላይ ጨርቅ ጣል አድርግ፣ መነጽርና ጓንት አድርግ፣ እጅህን ከሚረጨው ፊት አርቅ። ናፍጣው የጋለ የጭስ ማውጫ ላይ እንዳይፈስም ጠንቀቅ በል።
እጅህን ማስገባት ከፈራህ ሌላም መንገድ አለ። ሞተሩ አድሮ እንደተነሳ ወዲያው የጭስ ማውጫው ማኒፎልድ ላይ በየሲሊንደሩ መውጫ ጠብታ ውሃ አድርግ። የሚሰራው ቶሎ ይግላል፣ ውሃው ቸስ ብሎ ይጠፋል። የማይሰራው ላይ ውሃው ዝም ብሎ ይቀመጣል። የሙቀት መለኪያ ካለህ ደግሞ የተሻለ።

ቁልፍ 13
ለሌሎች ለምታነቡት፦ ይሄ ዳዶ የማላላት ነገር ለድሮ ፓምፕ ብቻ ነው!!! ኮመን ሬል (ናፍጣው በከፍተኛ ግፊት በአንድ የጋራ ቱቦ ተጠራቅሞ በኮምፒውተር ትእዛዝ የሚረጭበት) ያለው ሞተር ላይ በፍጹም እንዳትሞክሩት። እዚያ መስመሩ ውስጥ ከ1,000 ባር በላይ ግፊት አለ፣ የቅርቦቹ 2,000 ይደርሳሉ። ቆዳ በስቶ ናፍጣ ሰውነት ውስጥ ያስገባል፣ ቁስሉ መርፌ የነካው ያህል ትንሽ ቢመስልም እጅ የሚያስቆርጥ ነው፣ ከደረሰባችሁ ሳታመነቱ ሆስፒታል ሂዱ። ኮመን ሬል ከሆነ በመመርመሪያ ማሽን ሲሊንደር በሲሊንደር ይታያል፣ የኢንጀክተሮቹ የመልስ ናፍጣም ይለካል።

ባለመኪናው
ተገኘ! አራተኛው ነው። ሌሎቹን ሳላላ ሞተሩ ሊጠፋ ይደርሳል፣ እሱን ሳላላ ግን ምንም። በውሃም ሞከርኩት፣ ጠብታው አራተኛው ላይ ቁጭ አለ። እንግዲህ ኢንጀክተር ልግዛ?

ፓምፕ ቤት
ቆይ ቆይ፣ አትግዛ። አራተኛውን ኢንጀክተር አውጥተህ ከሁለተኛው ጋር አቀያይረው። ችግሩ ወደ ሁለት ከሄደ ኢንጀክተሩ ነው። አራት ላይ ከቀረ ኢንጀክተሩ ነጻ ነው፣ በነጻ አወቅክ ማለት ነው። ስታወጣ የመዳቡ ሮንዴላ አብሮ መውጣቱን እይ፣ ብዙ ጊዜ ጉድጓዱ ውስጥ ተጣብቆ ይቀራል፣ ከዚያ በላዩ ሌላ ይደረብበታል። ሁለት ሮንዴላ ከተደራረበ የኢንጀክተሩ አፍ ወደ ላይ ይሸሻል፣ ርጭቱም ቦታውን ይስታል። አዲስ ሮንዴላ ተጠቀም፣ ጉድጓዱንም አጽዳ።

ባለመኪናው
አቀያየርኩት። አሁንም አራተኛው ነው። ሁለተኛው በዚያኛው ኢንጀክተር ጥሩ ይሰራል። ሮንዴላውም አንድ ብቻ ነበር። እንዴት ነው ነገሩ፣ ሞተሩ ሊወርድ ነው ማለት ነው?

ቁልፍ 13
ገና ነው። ናፍጣ በብልጭታ ሳይሆን በታመቀ አየር ሙቀት ነው የሚቀጣጠለው። አየሩ ካፈተለከ ሙቀት የለም፣ የተረጨው ናፍጣ እንዳለ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀው አየር ግፊት) ይለካ። የናፍጣ መለኪያ ይሁን፣ የቤንዚኑ አይችለውም። ጤነኛ ናፍጣ ሞተር ባብዛኛው ከ25 እስከ 35 ባር አካባቢ ያሳያል፣ ትክክለኛውን ከሞተርህ ማኑዋል እይ፤ ዋናው ግን በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ዝቅ ካለ አራተኛው ፒስተን ኮምፕሬሽን ላይ ጫፍ ደርሶ ሳለ በኢንጀክተሩ ቀዳዳ የኮምፕረሰር አየር አስገባና ጆሮህን ስጥ። በማርሚታ (በጭስ ማውጫ ቱቦው) በኩል ከነፋ የጭስ ማውጫ ቫልቭ ነው። በአየር ፊልትሮ በኩል ከሆነ የማስገቢያው ቫልቭ። በዘይት መሙያው ከወጣ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ወይም ፒስተን። ራዲያተር ውስጥ ካፈላ ቴስታታ (ቫልቮቹ ያሉበት የሞተሩ ራስ) ወይም ጓርኒሲዮን (የቴስታታው ማሸጊያ)። ሞተሩ በአየሩ ሊዞር ስለሚችል እጅህን ከቺንጋና ከፋን አርቅ።

ዘይት እጅ
ከሱ በፊት ግን የቫልቭ ክዳኑን ክፈትና በቫልቩና በሮከሩ (ቫልቩን በሚጫነው ክንድ) መካከል ያለውን ክፍተት ለካ። ቁልፍና ፊለር ጌጅ (ክፍተት የሚለካበት ስስ ብረት) ብቻ ነው የሚፈልገው። እኔ ብሆን ከዚህ ነበር የምጀምረው፣ ለምን እንደሚረሳ አይገባኝም። የቫልቭ መቀመጫው እየተበላ ሲሄድ ቫልቩ ወደ ላይ ይወጣል፣ ክፍተቱ ይጠባል፣ መጨረሻ ላይ ቫልቩ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም። ሲሊንደሮቹ የሚቀጣጠሉበት ተራ 1-5-3-6-2-4 ከሆነ ሦስት ከአራት ጋር ጥንድ ናቸው፣ ፒስተኖቻቸው አብረው ይወጣሉ፣ አብረው ይወርዳሉ። ሞተሩን በእጅ አዙረህ የሦስተኛው ቫልቮች አንዱ ሊዘጋ ሌላው ሊከፈት ሲሉ አቁም፤ አራተኛው ያኔ ኮምፕሬሽን ላይ ነው፣ ሁለቱም ቫልቮቹ ላላ ማለት አለባቸው። ሮከሩን በጣትህ ነቅነቅ አድርገው።

ባለመኪናው
እውነትም! የአራተኛው የጭስ ማውጫ ሮከር ንቅንቅ አይልም፣ ቀጭኗ ፊለር እንኳ አልገባችም። ሌሎቹም ጠበብ ብለዋል፣ እሱ ግን ጭራሽ ክፍተት የለውም። ማኑዋሉ ላይ ባለው ልክ፣ ሞተሩ እንደቀዘቀዘ፣ ሁሉንም አስተካከልኩ። ዘይትና የዘይት ፊልትሮ ቀየርኩ። ሲነሳ ጥቂት አጨሰና ቀስ እያለ ጠራ። መንቀጥቀጡ ከሞላ ጎደል ጠፍቷል፣ ዳዶውን ሳላላም አሁን አራተኛው ድምፅ ይቀይራል።

ዘይት እጅ
ደስ ይላል። ግን "ከሞላ ጎደል" ያልካት ትንሽ አሳሰበችኝ። ክፍት ሆኖ የቆየ የጭስ ማውጫ ቫልቭ ጠርዙ ይቃጠላል። ስለዚህ አሁኑኑ ኮምፕሬሽኑን አስለካ፣ አራተኛው ከሌሎቹ ጋር ከተቀራረበ ተወው። ጥቂት ጊዜ ሰርተህበት ክፍተቱን ድገመው። እንደገና ከጠበበ መቀመጫው እያለቀ ነው፣ ቴስታታው ወርዶ ቫልቭና መቀመጫ ይሰራለታል። የሚወርደው ግን ቴስታታው ብቻ ነው፣ ሙሉ ሞተሩ አይደለም። የዘይቱን ደረጃም ጠዋት ጠዋት እይ፤ ዳግም ከጨመረ ናፍጣ በሌላ በኩል እየገባ ነው፣ ያኔ የናፍጣ መሳቢያዋን ትንሿን ፓምፕ እንመለከታለን።

ፓምፕ ቤት
ያቀያየርካቸውን ኢንጀክተሮች የመልስ ቱቦና ዳዶዎቹን በደረቅ ጨርቅ ጠርገህ ሞተሩን አስነስተህ እይ፣ የሚያላብ ካለ አጥብቅ። አዲስ ሮንዴላ ያረፈበት ኢንጀክተር ዙሪያ ጥቁር ጥላሸት ካየህ ኮምፕሬሽን እያፈሰ ነው፣ ሳይበላው ቶሎ ድገመው።