የዓይን ጤና ፕሮጀክት፦ የጋራ ፕሮፖዛላችንን እንቅረጽ

ሰብሳቢ፦
ውድ የክበባችን አባላት፣ እንደምን ሰነበታችሁ? በቅድሚያ አጭር ዜና። የደም ልገሳው ፕሮግራም በሰላም ተጠናቋል፤ የተሳተፋችሁ ሁሉ እግዜር ይስጥልን። ችግኞቹን የመንከባከቡ ሥራም በተራ በተራ ቀጥሏል። አዲስ አባላት ተቀብለናል። እናንተም ሳታፍሩ እዚህ ሐሳባችሁን ስጡ።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ቦርዱ ለሚቀጥለው የአገልግሎት ዓመት የመረጠው ዘርፍ የዓይን ጤና ነው። የዓለም የእይታ ቀን በየዓመቱ በኦክቶበር ወር ሁለተኛው ሐሙስ ላይ ይውላል። የመነሻ ሐሳባችን በዚያ ቀን በአንድ ትምህርት ቤት የዓይን ምርመራ ማካሄድ ነው። እግረ መንገዳችንን ያገለገሉ መነጽሮችን ሰብስበን ለተቸገሩ እናድላለን። ይህ ገና ጥሬ ሐሳብ ነው። ጨምሩበት፣ ቀንሱለት። ጸሐፊያችን አጠናቅሮ ለመደበኛው ስብሰባ ያቀርበዋል።

የአገልግሎት ኮሚቴ አስተባባሪ፦
ሐሳቡን በሙሉ ልቤ እደግፋለሁ። በተለይ የመነጽር ማሰባሰቡን። በየቤቱ መሳቢያ ውስጥ የማይደረግ መነጽር አለ። ሣጥን በየመሥሪያ ቤቱና በየትምህርት ቤቱ እናስቀምጥ። ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፣ ብዙ ሰው ያሳትፋል፣ ክበባችንንም ያስተዋውቃል። ምርመራውንም በአንድ ትምህርት ቤት ብቻ ከምንገድበው፣ በጎ ፈቃደኞችን ከፋፍለን በተቻለ መጠን ብዙ ትምህርት ቤት እንድረስ።

የዓይን ሕክምና ባለሙያ የሆነች አባል፦
ወንድሜ፣ ትጋትህን ሁላችንም እናውቀዋለን። ግን በመነጽር ማሰባሰቡ አልስማማም፤ ምክንያቴን ዘርዘር አድርጌ ልንገራችሁ።

መነጽር የሚሠራው ለአንድ ሰው ነው። የቀኝና የግራ ዓይን ልኬት ይለያያል። በሁለቱ ብሌኖች መካከል ያለው ርቀትም ከሰው ሰው ይለያያል። የአንዱ መነጽር ለሌላው ልክ የሚሆነው በአጋጣሚ ነው። የተሰበሰበው ደግሞ መታጠብ፣ መለካትና መለየት አለበት። አብዛኛው ተጭሯል፣ ወይ እጀታው ተሰብሯል። በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት በእርዳታ የተሰበሰቡ መነጽሮችን መርምሮ፣ ለአገልግሎት የሚበቁት 7 በመቶ ብቻ ሆነው አግኝቷቸዋል። ለማጓጓዝና ለመለየት የሚወጣው ሲታሰብ አዲስ መግዛቱ ይረክሳል። በዓይነ ስውርነት መከላከል ላይ የሚሠሩ ዓለም አቀፍ ድርጅቶችም ያገለገለ መነጽር ማደልን አይመክሩም። ተቀባዩም ክብር አለው። ፊቱ ላይ የሚውለውን ነገር መምረጥ ይገባዋል።

ሁለተኛው ነጥቤ ይበልጥ ያሳስበኛል። በአንድ ቀን የምንሠራው ምርመራ ሳይሆን ልየታ ነው። ልየታ ማለት በደንብ የማያየውን ልጅ ከሚያየው መለየት ብቻ ነው። ለምን እንደማያይ አይነግረንም። በወፍራም ወረቀት ላይ የመርፌ ቀዳዳ ያህል በስተን ልጁ በዚያ ውስጥ ሲመለከት ከተሻለው፣ ችግሩ ብዙውን ጊዜ በመነጽር የሚስተካከል ነው። ካልተሻለው ሌላ ምክንያት መፈለግ አለበት። ትክክለኛውን የመነጽር ቁጥር ለማወቅም ሕክምና ተቋም መሄድ ግድ ነው። የልጅ ዓይን ትኩረቱን እንደ ልቡ ስለሚቀያይር፣ በጠብታ ሳይላላ ከተለካ ውጤቱ ሊዛባ ይችላል። በትምህርት ቤት ግቢ ለክቶ እዚያው መነጽር ማደል ለልጆች የማይሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ የኔ ጥያቄ አንድ ነው። ከልየታው በኋላስ? «ሐኪም ዘንድ ይሂድ» የሚል ወረቀት የያዘው ልጅ በእርግጥ ሄደ? መነጽር አገኘ? አድርጎት ይማራል? ፕሮፖዛላችን ይህን ካልመለሰ፣ ችግሩን ለቤተሰቡ አርድተን ዘወር እንደማለት ነው። በተለይ ሕፃናቱ ጊዜ አይሰጡም። አንዱ ዓይን በደንብ ሳያይ ካደገ አንጎል ያንን ዓይን መጠቀም ይተዋል፤ እድሜ ከገፋ በኋላ ማስተካከሉ በጣም ይከብዳል።

የቀድሞ ሰብሳቢ፦
ልጄ፣ በደንብ ነው ያስቀመጥሽው። እኔ ከታሪክ ጥቂት ልጨምር፤ ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

የአገልግሎት ክበባት ከዓይን ጋር የተሳሰሩት ዛሬ አይደለም። በ1925 ማየትም መስማትም የማትችለው አሜሪካዊት ደራሲ ሔለን ኬለር፣ ላየንስ የተባለው ዓለም አቀፍ የአገልግሎት ክበባት ማኅበር በአሜሪካ ኦሃዮ ባካሄደው ጉባኤ ላይ ተገኝታ፣ ለዓይነ ስውራን ዘብ እንዲቆሙ ለመነቻቸው። በ1930 የአሜሪካዋ ፒዮሪያ ከተማ ላየንስ ክበብ ፕሬዚዳንት አንድ ዓይነ ስውር ሰው መንገድ ለመሻገር ሲቸገር አየ። በትሩ ጥቁር ስለነበር ሹፌሮቹ አይታያቸውም። ክበቡ በትሩን ነጭ ቀብቶ ቀይ መስመር ጨመረበት። ግን ቀብቶ በማደል አላበቃም። ነጭ በትር ለያዘ ሰው መኪና ቅድሚያ እንዲሰጥ የሚያስገድድ የከተማ ደንብ በዚያው ዓመት እንዲወጣ አድርጓል። በትሩ ያለ ደንቡ ምን ይሠራ ነበር?

ከሁሉ በላይ ግን ሮታሪ የተባለውን ሌላ ዓለም አቀፍ የአገልግሎት ክበባት ማኅበር የፖሊዮ ሥራ አስቡት። በ1979 በፊሊፒንስ ተጀመረ። በ1985 ዓለም አቀፍ ዘመቻ ሆነ። በ1988 የዓለም ጤና ድርጅትና ሌሎችም ሲቀላቀሉ በሽታው በዓመት 350,000 ገደማ ሰው ይይዝ ነበር፣ ያውም ከ125 በሚበልጡ አገሮች። ዛሬ የተፈጥሮው የፖሊዮ ቫይረስ ሥርጭት ያልተቋረጠባቸው አገሮች ሁለት ብቻ ናቸው። እዚህ የተደረሰው በጠብታው ብቻ አይደለም። የተከተበ ሕፃን ጣቱ ላይ ቀለም ይደረግለታል፣ የተዳረሰውም ቤት በር ላይ ይጻፋል። በማግስቱ የሚፈለገው ቀለም የሌለበት ጣት ነው። ክትትል ማለት ይኸው ነው፤ የመጣውን ብቻ ሳይሆን የቀረውንም መቁጠር። በፕሮፖዛሉ ውስጥ ይህ መግባት አለበት እላለሁ።

መምህርት የሆነች አባል፦
ጋሼ፣ ተባረኩ። የቀረውን መቁጠር ላሉት እኔ ከክፍል ልነሳ።

ልየታውን መምህራን ሠልጥነው መሥራት ይችላሉ። የእይታ መለኪያው የፊደል ሠንጠረዥ በ6 ሜትር ወይም ለ3 ሜትር በተዘጋጀ ዓይነት ይሰቀላል። ፊደል ላልለዩት፣ ወደ አራቱም አቅጣጫ የዞረ ባለ ሦስት ጣት ምልክት አለ፤ ልጁ በእጁ ወዴት እንደዞረ ያሳያል። ችግር የሚመጣው ከአሠራሩ ነው። ተሰልፈው የሚጠብቁት ልጆች ከፊታቸው ያለው ሲመልስ ሰምተው ይሸመድዳሉ። ስለዚህ ወረፋው ከክፍሉ ውጭ ይሁን። ዓይናቸውን በጣት ሲሸፍኑ በጣቶቻቸው መካከል ያያሉ፤ በመዳፍ ሲሸፍኑ ደግሞ ብሌኑን ተጭነው ለጊዜው ያደበዝዙታል። ዓይንን ሳይጫን የሚሸፍን ማንኪያ መሰል መሸፈኛ ይሻላል። ብርሃኑ ሠንጠረዡ ላይ እንጂ ልጁ ዓይን ላይ አይውደቅ።

በዚያ ቀን የቀረ ልጅስ? ብዙ ጊዜ ከትምህርት የሚቀረው፣ ቦርዱ ስለማይታየው ትምህርቱን የጠላው ልጅ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ልየታው የአንድ ቀን ሳይሆን የክፍል ስም መዝገብ እስኪያልቅ ይሁን። የዓለም የእይታ ቀንን መክፈቻ እናድርገው።

ሌላው ፌዝ ነው። መነጽር ያደረገ ልጅ ይቀለድበታል፤ ልጁ አውልቆ ቦርሳው ውስጥ ይከተዋል። ፍሬሙን ራሱ ይምረጥ። የክፍሉ መምህርም ቀድሞ ለተማሪዎቹ ያስረዳ። ከ3 ወር በኋላ ሳንናገር ክፍል ገብተን ማን እንዳደረገ እንይ። ትልቁ ውጤታችን የሚለካው እዚያ ነው።

ገንዘብ ያዥ፦
ከእኔ ሦስት ነገር። አንደኛ፣ ከሕዝብ የሚሰበሰበው ገንዘብ ለሕዝብ አገልግሎት ብቻ ይውላል። ለሻይ፣ ለባነር፣ ለቲሸርት የሚወጣው ከአባልነት መዋጮ ይሆናል። ሁለት ሒሳብ፣ ሁለት የደረሰኝ ጥራዝ። ይህ በፕሮፖዛሉ በግልጽ ይጻፍ፤ ለጋሽም የሚያምነን በዚህ ነው።

ሁለተኛ፣ በጀቱ የመጀመሪያውን መነጽር ብቻ ከያዘ አይበቃም። ልጅ ይሰብራል፣ ይጥላል፣ ልኬቱም ያድጋል። የመተኪያ መነጽርና ለሪፈር የትራንስፖርት ወጪ ለብቻው ይያዝ። ሦስተኛ፣ ግዥው በፕሮፎርማ ይወዳደር። ከአባላት መካከል ከሻጩ ጋር ዝምድና ያለው ካለ ቀድሞ ያሳውቅና ከውሳኔው ይውጣ።

የአገልግሎት ኮሚቴ አስተባባሪ፦
የመነጽር ሣጥኑን ሐሳብ ትቻለሁ፤ እህታችን አሳምናኛለች። የትምህርት ቤቱ ቁጥር ግን አሁንም ይከነክነኛል። ድጋፍ የሚሰጡን ወገኖች ሪፖርት ላይ ትልቅ ቁጥር ማየት ይፈልጋሉ። «አንድ ትምህርት ቤት» ብለን ብንቀርብ ማን ይሰማናል? ደግሞስ ወላጆችን ለምን እንተዋለን? ችግሩ የልጆች ብቻ አይደለም።

የዓይን ሕክምና ባለሙያዋ፦
ስለ ወላጆቹ ያነሳኸው ትልቅ ነገር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት፣ ሊወገድ የሚችል ወይም ገና መፍትሔ ያላገኘ የእይታ ችግር ያለበት ሰው ቢያንስ 1 ቢሊዮን ነው። ከዚህ ውስጥ 826 ሚሊዮኑ ያረጀ ዓይን የቅርቡን ማየት ሲያቅተው የሚመጣው ችግር ነው። ከ40 ዓመት ገደማ ጀምሮ ሁላችንንም ይይዘናል። የልብስ ሰፊውን፣ የጥገና ባለሙያውን፣ የመምህሩን ሥራ ያውካል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ለሁለቱም ዓይን እኩል የሆነ፣ ከ+1.00 እስከ +3.50 ያለ የተዘጋጀ የማንበቢያ መነጽር አብዛኛውን ሰው ይረዳል። ይህን እዚያው መስጠት ይቻላል።

ስለዚህ ወላጅ የልጁን ውጤት ሊወስድ ሲመጣ እሱም ይታይ። አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የማንበቢያ መነጽር ያገኘ ሰው «ዓይኔ ታክሟል» ብሎ እንዳይቀመጥ። ግላኮማ ሳያሳምም ከዳር ዳር እይታን ይበላል፤ የጠፋው አይመለስም። የዓይን ሞራ ግን በቀዶ ሕክምና ይድናል። ሁለቱንም የሚለየው የተሟላ ምርመራ ነው። ይህን በቃልም በጽሑፍም እንንገራቸው።

ስለ ቁጥሩ ግን አልለወጥም። የመጀመሪያው ዓመት አንድ ትምህርት ቤት ይሁን። ለደጋፊዎች የምናሳየው ሙሉ ታሪክ ይኖረናል፦ ስንት ልጅ ታየ፣ ስንቱ ሪፈር ተጻፈለት፣ ስንቱ ሐኪም ዘንድ ደረሰ፣ ስንቱ መነጽር አደረገ። እንዲህ ያለ ሪፖርት የሚያቀርብ ክበብ ብዙ አይደለም። የሁለተኛውን ዓመት ድጋፍ የሚያመጣልን ይኸው ነው።

የወጣቶች ክበብ ተወካይ፦
እኛ ለልየታው በጎ ፈቃደኛ እንሆናለን፣ ሥልጠናውንም እንወስዳለን። አንድ ልመና አለን፤ ፎቶ። መነጽር ሲደረግለት የሚያለቅስ ልጅ ፎቶ አንስቶ መለጠፍ ይቅር። ያለ ወላጅ የጽሑፍ ፈቃድ የማንም ልጅ ፊት አይውጣ። ውጤቱም በክፍል ፊት ጮክ ተብሎ አይነበብ። የስም መዝገቡን ከሁለት ሰው በላይ አይያዘው።

ጸሐፊ፦
እስካሁን የተባለውን እንዲህ አጠናቅሬዋለሁ። ዋናው አንቀጽ ይህ ነው።

«ክበቡ በአንድ ትምህርት ቤት የሚማሩ ልጆችን በሙሉ በሠለጠኑ መምህራንና በጎ ፈቃደኞች አማካይነት ያያል። ሥራው በዓለም የእይታ ቀን ተከፍቶ የክፍል መዝገብ እስኪያልቅ ይቀጥላል። ችግር የታየበት ልጅ በስም ተመዝግቦ፣ ወደ ዓይን ሕክምና ተቋም ለመሄዱ አንድ አባል ኃላፊነት ይወስዳል። የታዘዘለትን መነጽር ፍሬሙን መርጦ ያገኛል፤ ከ3 ወር በኋላ ክትትል ይደረግለታል። ውጤት ለመውሰድ የሚመጡ ወላጆችና የትምህርት ቤቱ ሠራተኞች የቅርብ እይታቸው ተለክቶ፣ እንደ አስፈላጊነቱ አዲስ የማንበቢያ መነጽር ይሰጣቸዋል። ያገለገለ መነጽር አይሰበሰብም። ከሕዝብ የተገኘ ገንዘብ ለክበቡ አስተዳደር አይውልም።»

የፎቶና የምሥጢር ጉዳይ፣ የመተኪያ በጀትና የግዥ ሥርዓት በተከታዮቹ አንቀጾች ገብተዋል።

መምህርት፦
«ለመሄዱ» የሚለው «ለመሄዱና ለመመለሱ» ይባል። ልጁ ከሐኪም ምን ይዞ እንደመጣ ካላወቅን ክትትሉ ይቋረጣል። በተጨማሪም አንድ አባል የሚይዘው ልጅ ቁጥር ከአቅሙ አይለፍ፤ ሁላችንም ሥራና ቤተሰብ አለን።

የቀድሞ ሰብሳቢ፦
እስማማለሁ። ሥራው ከመጀመሩ በፊት ከሕክምና ተቋሙ ጋር የስምምነት ደብዳቤ ይፈረም። የሚቀበለን ሳይኖር ልጅ አንለይ።

ሰብሳቢ፦
ሁለቱም ማሻሻያዎች ይግቡ። ለመደበኛው ስብሰባ ምልዓተ ጉባኤ እንዲሟላ ሁላችሁም ተገኙ። ድምፅ የምንሰጠው በሰነዱ ሙሉ ቃል ላይ ነው። የትምህርት ቤቱ ምርጫ ክፍት ሆኖ ይቆያል፤ መምህርታችንና የዓይን ባለሙያችን ተነጋግረው፣ ከሕክምና ተቋሙ ያለውን ርቀት ጭምር አይተው ሐሳብ ያምጡ። ገንዘብ ያዣችን ፕሮፎርማውን ይጀምር። የክትትል መዝገቡን ማን ይይዛል?

የአገልግሎት ኮሚቴ አስተባባሪ፦
እኔ እይዛለሁ። ከወጣቶቹ አንድ ሰው ይመደብልኝ፤ ሁለታችን እንበቃለን። የመዝገቡን ቅጽ አዘጋጅቼ ከስብሰባው በፊት ለእህታችን አሳያታለሁ።