የሠራተኛ ማኅበራችን የደንብ ማሻሻያ ረቂቅ፣ የገንዘብ አያያዝ ክፍል (እስከ ዓርብ ከየሥራ ክፍላችሁ ሐሳብ ስጡ)

ቁጥጥር ኮሚቴ፦ ኮምቦልቻ ላይ ላለው ጠቅላላ ጉባኤ የምናቀርበው ይኼ ነው። አንድ፣ የመዋጮ ዝርዝርና የባንክ ስቴትመንት በየወሩ ይመሳከር። የጥር ዝርዝር 618 ሰው ይላል፤ መዋጮው ለሁሉም 40 ብር ስለሆነ 24,720 መግባት ነበረበት። የገባው 23,480 ነው፣ የ31 ሰው ጎድሏል። ሁለት፣ ባዶ ቼክ ላይ መፈረም ይቅር። ሦስት፣ በኅብረት ስምምነት ድርድር ሰሞን ተደራዳሪዎቻችን ከአሠሪው አበልም መኪናም አይቀበሉ። አራት፣ ማኅተሙ ከሊቀመንበሩ ወጥቶ ጸሐፊው ጋ ይቀመጥ።

ፈትል፦ አራተኛው አይሆንም። ጸሐፊው የማታ ፈረቃ ነው። ቀን ደብዳቤ ሲያስፈልግ ማን ይመታል?

ጥገና፦ ማኅተም በኪስ ሲዞር አይደል ቁጥር በሌለው የወጪ ማዘዣ ላይ ተመትቶ የተገኘው!

ሊቀመንበር፦ ማኅተሙን የበላሁት አስመሰላችሁት እኮ።

ጥገና፦ እርስዎን ማን አለ? ማዘዣው ቁጥር የለውም ነው ያልነው።

ሂሳብ፦ የ31ዱን ነገር ሌብነት ከማለታችሁ በፊት። ዝርዝሩ የሚታተመው ወሩ በገባ በ20 ነው፣ ደመወዝ በ30። በመሃል የለቀቀና ያለ ክፍያ ፈቃድ የወጣ ስሙ ይቀራል፣ ገንዘቡ አይቆረጥም። ሌላው፣ ተቆራጭ ሁሉ ተደምሮ ከወር ደመወዝ ሲሶ ማለፍ ስለሌለበት፣ ብድር ያለበት ሰው ሲሶው ላይ ሲደርስ መጀመሪያ የሚዘለለው የእኛ 40 ብር ነው። ስለዚህ ከታተመው ዝርዝር ጋር ሳይሆን ከተከፈለበት ፔሮል ጋር አመሳክሩ። የዘገየ ገንዘብ ሲገባም የየትኛው ወር እንደሆነ ማስገቢያው ላይ ይጻፍ፤ ከሚቀጥለው ወር ጋር ተደምሮ ከገባ በኋላ ማንም አይለየውም። ይኼ ሁሉ ተብሎም 31 ሰው ይበዛል።

ሽመና፦ የረቂቁ መግቢያ ላይ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 377/96 ትላላችሁ። ከተሻረ ስንት ጊዜው! 1156/2011 ነው።

ፈትል፦ እሺ፣ ማኅተሙስ?

ማቅለሚያ፦ ሁለት ቁልፍ ያለው የብረት ካቢኔት ይገዛና አንዱን ቁልፍ ሊቀመንበሩ፣ አንዱን ጸሐፊው ይያዝ።

ፈትል፦ ጸሐፊው ቀን ይተኛል አልኩ! ቁልፉም አብሮት ይተኛል።

ጥገና፦ አንተ ጸሐፊ መሆን ፈልገህ ከሆነ ዝም ብለህ ተመረጥ።

ፈትል፦ አፍህን ሰብስብ። የሁለት ዓመት ስቴትመንት አምጡ ብሎ በደብዳቤ የጠየቀው የእኛ ክፍል ነው፣ የአንተ አይደለም።

ገንዘብ ያዥ፦ ስለ ቼኩ። በባዶው የሚፈረመው ሁለቱ ፈራሚዎች በአንድ ፈረቃ ስለማይገናኙ ነው። ከልክሉት ብትሉ በሳምንቱ ይመለሳል፣ ለቅሶ ለደረሰበት አባል እርዳታ አይቆይማ። ሦስት ፈራሚ ከሦስት ፈረቃ ይመዝገብና ማንኛቸውም ሁለቱ ሲፈርሙ ይውጣ። የተበላሸ ቼክም ተቀዶ አይጣል፣ ጉርዱ ላይ ተሰፍቶ ይቀመጥ። ግን ባንኩ ፈራሚ የሚቀይረው ማኅተም ባረፈበት ቃለ ጉባኤ ነው።

ሽመና፦ ይኸው፣ ዞሮ ዞሮ ማኅተም።

ማቅለሚያ፦ አብሽሩ። ነገ ደሴ እወጣለሁ፣ ፒያሳ ካቢኔት ዋጋ ጠይቄ እጽፋለሁ።

ጥገና፦ ያ ዋጋ የሚጠይቀው ሰውዬስ? ሦስት ቀን ሆነ።

ሽመና፦ የሐረጎን ዳገት ከወጣ በኋላ ኔትወርክ ጠፍቶበት ይሆናል።

ፈትል፦ ባለፈው ተቆጥቼ ለጻፍኩት ይቅርታ። ግን ጸሐፊው የማታ ፈረቃ ሲሆን ተተኪ ይጻፍ፤ ማኅተም በመታ ቁጥር መዝገብ ላይ ቀን፣ የደብዳቤ ቁጥር፣ ለማን እንደሄደ ይፈርም።

ሊቀመንበር፦ መዝገቡን እደግፋለሁ። ካቢኔቱም ቢሮዬ ይቀመጥ።

ጥገና፦ ለምን እርስዎ ቢሮ?

ሊቀመንበር፦ ሌላ ቢሮ አለን እንዴ?

ሂሳብ፦ አዲሱን ቅጂ አየሁት። ስለ አበልና መኪና የሚለው ሦስተኛው ነጥብ የለም። ማን አወጣው? ድርድሩ እኮ ከፋሲካ በኋላ ነው። አሠሪው አበል የከፈለው ሰው ጠረጴዛው ላይ የማን ተደራዳሪ እንደሚሆን ይታወቃል።

ሊቀመንበር፦ ረዘመ ተብሎ ለሚቀጥለው ጉባኤ ተላልፏል።

ሂሳብ፦ ማን ነው ያለው?

ቁጥጥር ኮሚቴ፦ ዓርብ የሚቀርበው ይኼ ነው። ባለ ሁለት ቁልፍ ካቢኔት ይገዛ፣ ሦስት አባላት ያሉት የግዥ ኮሚቴ ይቋቋም፣ የማኅተም መዝገብ ይከፈት፣ ፈራሚ ሦስት ይሁን። ፔሮልና ስቴትመንት የሚያመሳክር ሁለት ሰው እንፈልጋለን፣ በወር ግማሽ ቀን ነው፣ አበል የለውም። ስም ጻፉ።

ፈትል፦ የማታ ፈረቃ ተተኪው አልገባም።

ቁጥጥር ኮሚቴ፦ ይገባል። ስም ጻፉ።

ሽመና፦ ካቢኔቱ ከመዋጮው ነው የሚገዛው ወይስ አዲስ ልናዋጣ ነው?