በካሬ የተነገረኝ ዋጋ ይበቃል ወይ?

እህቴ፣ «አዲስ አበባ፣ ሲኤምሲ ወይም አያት ሰፈር አዲስ አፓርታማ ብገዛ በካሬ የተነገረኝ ዋጋ ይበቃኛል?» ብለው ጠይቀዋል። አይበቃም። ይህን የምጽፍልዎ አራት ኪሎ ከተከራየሁት ቤት ነው። ከውጭ ከተመለስኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ፤ አያት የገዛሁትን ቤት ግን እስከ ዛሬ አልገባሁበትም፤ ኪራዩም በየወሩ ይከፈላል።

ቁልፍ የተረከብኩ ዕለት እናቴን ይዤ ሄድኩ። በሩ ሲከፈት ወለሉ ጥሬ ሲሚንቶ ነው። ከጣሪያው የኤሌክትሪክ ገመድ ተንጠልጥሏል፤ ወጥ ቤት በተባለው ክፍል ከግድግዳ የወጣ የቧንቧ ጫፍ ብቻ አለ። እናቴ ነጠላዋን ሰብስባ ደፉ ላይ ቆመችና «ምድጃው የት ነው የሚቀመጠው?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። ለካስ የከፈልኩት ለአርማታው፣ ለብሎኬቱና ለልስኑ ነው! ሴራሚኩ፣ የውስጥ በሮቹ፣ ቁም ሣጥኑ፣ የመታጠቢያ ቤቱ ዕቃ፣ የውሃ ማሞቂያው ሁሉ ከእኔ ኪስ ነው የሚወጣው።

በዶላሩ መጨመርም አይተማመኑ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ውጭ የነበርን ሰዎች ደስ አለን። ነገር ግን የማጠናቀቂያ ዕቃው አብዛኛው ከውጭ የሚገባ ስለሆነ ዋጋው ተከትሎ ወጣ። በውሌ ላይም «የዕቃ ዋጋ ከጨመረ ቀሪው ክፍያ ይስተካከላል» የሚል አንቀጽ ነበረ። በችኮላ ስፈርም አላነበብኩትም፤ ዛሬም ድረስ ይቆጨኛል።

እርስዎ ግን ከመፈረምዎ በፊት ካሬው የተጣራ ይሁን ወይም ደረጃውንና ኮሪደሩን የጨመረ ይሁን ለይተው ይጠይቁ፤ 100 ካሬ ተብሎ የተሸጠልኝ ቤት በሩን ዘግቼ ስለካው ያን ያህል አልወጣውም። ተጨማሪ እሴት ታክስ በዋጋው ውስጥ መግባቱን፣ የቤቱ ባለቤትነት ማረጋገጫ ካርታ በስምዎ የሚወጣበትን ቀንም በጽሑፍ ያስገቡ። ዜግነት ቀይረው ከሆነ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያውን፣ ቢጫ ካርዱን ማለቴ ነው፣ አስቀድመው ያውጡ። ለዘመድ ውክልና ሲሰጡ ደግሞ ጉዳዩን እንዲከታተል ብቻ ይሁን፤ መሸጥና መለወጥ የሚል ቃል አይግባበት፤ የቅርብ ዘመድም ቢሆን።

ሴራሚክ የሚያነጥፈው ባለሙያ ቅዳሜ ይጀምራል። ለእያንዳንዱ ዕቃ ያወጣሁትን በደብተር መዝግቤ ይዣለሁ፤ ከፈለጉ ገጾቹን ፎቶ አንሥቼ እልክልዎታለሁ።